ልጆች የማይፈሩት የባሕር አምላክ

አይ፣ አሁንም አያስፈራም፣ ጢሙን አጠቆርኩት፣ አንገቱን አጣመምኩት፣ ባለ ሦስት ሹል ጦሩን ወረቀቱ እስኪሰነጠቅ ጫንኩት፣ ዓይኑ ግን እንዳለ ነው፣ ሰው ይመጣል ብሎ በር በር የሚያይ ዓይን። አዘጋጁ የተረት መጽሐፉን ሲሰጠኝ የባሕሩን አምላክ ሲያዩ ልጆቹ ብርድ ልብስ ውስጥ እንዲገቡ ነው የምፈልገው ብሎኛል፣ ይሄንን አይተው የሚገቡ አይመስለኝም፣ ምሳ በልተሃል ወይ ብለው ይጠይቁታል እንጂ። ምን ላድርግ ታዲያ፣ ያን ሁሉ ውሃ የሚገዛ ሰውዬ ከማን ጋር ያወራል፣ ከዓሣ? እኔን ራሴን ከሐሙስ ወዲህ ያናገረኝ ቆጣሪ አንባቢው ነው፣ እሱም ከበሩ ውጭ ሆኖ።

ይበቃል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስዕሉን የሚወስደው መልእክተኛ ይመጣል፣ ለስላሳ እርሳስ ደግሞ ወረቀቱ ላይ የሚያጣብቀው ማስያዣ ካልተነፋበት ይለቃል፣ አምና አንድ የተረት ንጉሥ ስዬ ሳልነፋበት ልኬው አፍንጫውን መንገድ ላይ ጥሎ ደረሰ፣ ማተሚያ ቤቱ በሙሉ ሳቀብኝ። ደህናው ማስያዣ ውድ ነው፣ እኛ ሰዓሊዎች በእሱ ፈንታ የምንነፋው የፀጉር ስፕሬይ ነው፣ ቤት ውስጥ ያለው ደግሞ የእሷ ብቻ፣ የባለቤቴ፣ መታጠቢያ ቤት መስታወቱ ስር። እህቷ ቤት ከገባች አራት ወሯ፣ አልነካሁትም፣ እሱ እስካለ ትመለሳለች ብዬ ነው መሰለኝ፣ ጅል። አንተ ስትስል እኮ እኔ እዚህ ቤት የለሁም ትለኝ ነበር፣ እኔም እሺ እሺ፣ ቀና ሳልል፣ ምን እንዳለች እንኳ ሳልሰማ።

እነፋለሁ። ፍስስ ይልና ያልቃል፣ ክፍሉን ጠረኗ ይሞላዋል፣ ሰርግ ልትሄድ ስትሰናዳ የሚሸተው፣ ናፍቃኛለች፣ በቃ ናፍቃኛለች፣ ምን ይደበቃል። ጣቴ እንደጠቆረ ስልኩን አነሳለሁ፣ አቤት ትላለች፣ ስፕሬይሽን ጨረስኩት እላታለሁ፣ ከስንት ቃል መሐል ይሄን መርጬ። ሌላ አለኝ፣ መጥተህ ውሰድ ትለኛለች። እሺ፣ መጣሁ፣ አሁኑኑ መጣሁ፣ ስልኩን ዘግቼ ጫማዬን አስራለሁ፣ መልእክተኛው ይጠብቅ፣ አዘጋጁም ይቆጣ።

ደረጃው ላይ ቆሜያለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ እህቴ ጋ እንሂድ ስትለኝ ሥራ አለብኝ፣ ልጇ ተወለደ ስትለኝ ሥራ አለብኝ፣ አንድ ቀን እንኳ አብሬያት አልሄድኩም፣ ከታች ወደ ግራ ይሁን ወደ ቀኝ፣ የእህቷን ቤት አላውቀውም፣ አሁን መልሼ ደውዬ የት ነው ልበላት?