ጥላ የሌለው ቡና

ደመላሽ አዲስ አበባ አራት ዓመት ሥዕል ተምሮ በሃምሳ አምስት ዓመተ ምሕረት ወደ ዲላ ሲመለስ፣ የሻንጣው ሩብ ልብስ፣ ሦስቱ እጅ ነጭ ቀለም ነበር። ፈረንጁ መምህሩ “ሥዕል ማለት ብርሃን ነው” ስላለው ብርሃኑን እንደ ስንቅ ቋጥሮ መጣ። በተማሪነቱ የጀሶ ራስ ስሎ፣ አንዱን ጉንጭ ወተት፣ ሌላውን ከሰል አስመስሎ አንደኛ ወጥቷል። ከዚያ ወዲያ ከሞያሌ እስከ አስመራ የሚስተካከለው አልተወለደም፤ ቢወለድም ገና ጡት አልጣለም።

ዲላ ላይ መጀመሪያ ግድግዳ የሰጠው የቡና ነጋዴው ኸድሩ ነው። መጋዘኑ ዋናው መንገድ ዳር ነው፤ ግድግዳው ከመርዘሙ የተነሣ በቅሎ ከጫፍ ጫፍ ስትሄድ መኻሉ ላይ ታርፋለች።

“ማዶ ያለው ቡና ነጋዴ ግድግዳው ላይ አንበሳ አሥሏል” አለው ኸድሩ። “አንበሳ ቡና ይገዛል እንዴ? አንተ የአገሩን ቡና ሣልልኝ። ገበሬው ከሩቅ አይቶ ‘ይሄ ሰው ቡና ያውቃል’ ይበልልኝ።”

ደመላሽ የዲላ ከተማ ልጅ፣ አባቱም ጸሐፊ ስለነበሩ ቡናን የሚያውቀው በጆንያና በስኒ ነበር። የሚያውቀውን ሣለ። የቡናውን ዛፎች እንደ ክብር ዘበኛ አሰልፎ የቀትር ፀሐይ ለቀቀባቸው። እያንዳንዱ ቅጠል በነጭ ቀለም አበራ። አላፊ አግዳሚው ዓይኑን በእጁ ጋርዶ ነበር የሚያልፈው።

በገበያ ቀን ከዱመርሶ የመጡ ገበሬዎች በቅሎዎቻቸውን እየነዱ ደረሱ። ፊት የነበረችው ዘነቡ ናት፤ የራሷን ማሳ ራሷ የምትይዝ፣ ለምላሷ ቀረጥ የማትከፍል ሴት። ግድግዳውን አይታ ቆመች።

“ጋሽ ኸድሩ፣ የማን ማሳ ነው ይሄ?”

“የማንም አይደለም፤ ሥዕል ነው።”

“እኔስ ባለቤቱ የሞተ መስሎኝ ደነገጥሁ። ዋንዛ የለ፣ እንሰት የለ፣ ጥላ የለ። ይሄንን ፀሐይ በልታው ለከርሞ አይደርስም።”

“ዛሬስ መቼ ደረሰ!” አለ ከኋላዋ ጎረቤቷ በቀለ። “ይሄን ቡና ነው የሚል ሰው የኔን ደረቅ ጀንፈል ቡና ምን ብሎ ሊያየው ነው?” በቅሎውን አዙሮ ወደ አንበሳው ተሻገረ። የቀሩትም እየሣቁ ተከተሉት። ያን ቀን የዲላ ሰው በሙሉ ሥቋል፤ ያልሣቀ ካለ ተኝቶ ነው።

ኸድሩ ደመላሽን ጠራው። “ስማ ልጄ፣ እስከ ኅዳር ሃያ እታገሣለሁ። ያኔም ገበሬው ከሣቀ ግድግዳውን ኖራ አስቀባዋለሁ። ከዚያ በኋላ ዲላ ውስጥ በር እንኳ የሚያስቀባህ አታገኝም።”

“አራት ዓመት ተምሬያለሁ እኮ! በጥላ ከሸፈንኩት ማን ያየዋል?”

“እሱን ሄደህ ዘነቡን ጠይቃት።”

ደመላሽ በኸድሩ ጭነት መኪና ዱመርሶ ወጣ። ዘነቡ ማሳዋ ውስጥ አስገባችው። የቀለም ሣጥኑን ከፍቶ ዙሪያውን ቃኘ፤ ሁሉም ጨለማ ነው።

“ምንም አይታየኝም።”

“ተቀመጥ።”

“ተቀምጫለሁ እኮ።”

“አፍህ እንደቆመ ነው፤ እሱንም አስቀምጠው።”

የቀለም ሣጥኑን ዘጋው። ጥቂት ቆይቶ ጨለማው ተከፋፈለ። ከላይ ዋንዛ፣ ከዋንዛው ሥር እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቡና፤ አረንጓዴው አንዱ ከሌላው የጠቆረ። ብርሃን አንድ ቅጠል ላይ ጠብ ብሎ ወደ ሌላው ይሻገራል። ቀዩ ፍሬ ደግሞ መጨረሻ ላይ፣ ዓይኑ ሲለምድ ብቻ ብቅ አለ። ሦስት ቀን እዚያው ተቀመጠ። ወሬው ዲላ ሲደርስ ግን ሠላሳ ቀን ሆኖ፣ እላዩ ላይ ሙጃ በቅሎበት ነበር።

ሲመለስ የድሮውን ሥዕል ደመሰሰው። አረንጓዴውን ከፋኖስ ጥላሸት ጋር ለወሰው። ከነጩ ቀለም የወሰደው ጥፍር የሚያህል ብቻ ነው።

“አጨለምክብኝ!” ብሎ ጮኸ ኸድሩ።

“ጥቂት ይቁሙ፣ ጋሽ ኸድሩ።”

“ኖራው ተገዝቷል፤ ብቻ እወቀው!”

ኅዳር ሃያ ዘነቡ መጣች፤ በቀለ ደግሞ ከነበቅሎው። ደመላሽ መሰላሉ ላይ ሆኖ የታችኛውን ጠርዝ የሚነካካ መሰለ፤ ብሩሹ ግን ደርቆ ነበር። ዘነቡ ጭነቷን አወረደች። አየች። አንገቷን አዘንብላ ደግማ አየች።

“ዋንዛው ቅርንጫፉ በዝቷል” አለች። “ይሄ በስተቀኝ ያለው ካልተቆረጠ ቡናውን ያፍነዋል።”

“አይነካም!” አለ በቀለ። “የዘንድሮ ፀሐይ ኃይለኛ ነው። ቆርጠሽ ልታስፈጂው ነው?”

“ባለቤቱ ሰነፍ ነው እኮ! እንሰቱን እይ፣ መቼ ኮተኮተው?”

“ባለቤቱ ያውቃል። አንቺ የሰው ማሳ ውስጥ ምን አገባሽ?”

ሌሎቹም ገቡበት። ግማሹ ገበያ ይቆረጥ፣ ግማሹ አይቆረጥ ብሎ ተከፈለ፤ ዳኛ ቢኖር ችሎት ይቀመጥ ነበር። ጭቅጭቁ ሲረዝም በቅሎዎቹ ኸድሩ በር ላይ ታሰሩ፣ ጀንፈሉም እዚያው ወረደ። አንበሳው ማዶ ብቻውን አፉን ከፍቶ ቀረ።

ኸድሩ ከሚዛኑ አጠገብ እየሮጠ ወጣ። “ምን አሉ? ሥዕሉን አልወደዱትም?”

“ስለ ሥዕሉ ማንም ምንም አላለም” አለ ደመላሽ፣ ከመሰላሉ እየወረደ።

ኖራው ለሽንት ቤቱ ሆነ። ደመላሽ ያን ግድግዳ ለዐሥር ዓመት በየጊዜው አደሰው፤ በእያንዳንዱ ጊዜ ነጩ እየቀነሰ፣ ጥላው እየጠለቀ ሄደ። ከአዲስ አበባ ካመጣቸው የነጭ ቀለም ቱቦዎች የተረፉት ሳይከፈቱ ደረቁ። በሦስተኛው እድሳት ያን የዋንዛ ቅርንጫፍ በብሩሹ ቆረጠው። ዘነቡ “ይኸው!” አለች። በቀለ ሁለት የቡና ወቅት ሙሉ አላነጋገረውም።