አባይነህ በቁሙ የተለቀሰለት ቀን

በ1971 ክረምት ተስቦ ገባ። አትክልት ተራ ጀርባ አንዲት ክፍል ውስጥ ስምንት ኩሊዎች ተደርድረን እንተኛ ነበር፤ አንዱ ሲገላበጥ ስምንታችንም እንገላበጣለን። ቅማሉም እንደ ዘመኑ የጋራ ንብረት ነበር።

መጀመሪያ የታመመው አባይነህ ነው። የሠፈሩ ሰው በሽታውን ያመጡት እነዚህ ባላገሮች ናቸው ብሎ ከበራችን ራቀ። ክሊኒኩ የቀበሌ ደብዳቤ አምጡ አለ፤ ቀበሌው መታወቂያ የሌለውን አላውቅም አለ።

አባይነህን ያስጨነቀው ሞቱ አልነበረም። እድር የለን፣ ዘመድ ከመንዝ አይደርስ፤ ማንም ሳያለቅስልኝ ማዘጋጃ ቤት ይቀብረኛል ብሎ ነው። እኔ ደግሞ ሙሾ ማውረድን ማንም ሳያስተምረኝ፣ ንፍሮ ፍለጋ በሰው ለቅሶ ስዞር የለመድኩ ነኝ። አሁኑኑ አልቅስልኝና ልስማው አለኝ።

የማውቀው ሙሾ ሁሉ ለባለጠመንጃና ለባለበሬ ነው። አባይነህ ሁለቱም የለውም። እንደምንም ጀመርኩ፦

በጀርባው አንድ ኩንታል ሽንኩርት የሚያወጣ፣
ምነው ዛሬ ቀረ መኪናው ሲመጣ።

ብርድ ልብሱን ገለጠ። «አንድ? ሁለት በል እንጂ። ሰው ምን ይለኛል?»

አንድ ጀርባ ሁለት ኩንታል አይችልም ብዬ ተከራከርኩ።

«የሞትኩት እኔ ነኝ፤ አንተ ምን አገባህ?»

ሁለት አልኩ፤ ድምፄንም ከፍ አደረግኩ።

ተስቦ የፈራ ሠፈር ለቅሶ ሰምቶ ግን መቀመጥ አይችልም። የሴቶቹ እድር ሰብሳቢ ወይዘሮ አስካለ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ስድስት ሴቶች አስከትለው፣ እየጮኹ ገቡ። ሬሳው ቁጭ ብሎ «ሦስት ብትለውስ?» እያለኝ ነበር።

ወይዘሮ አስካለ ለቅሷቸውን ሳያቋርጡ ይሰድቡን ጀመር። ከዚያ ግንባሩን ነኩና ወደ ሴቶቹ ዞሩ።

«ለሞቱ ደርሼ ለሕመሙ ብቀር ምን እባላለሁ?»

ነጠላቸውን ሳያቀኑ ሰባቱም ቀበሌ ሄዱ። ወይዘሮ አስካለ የእኅቴ ልጅ ነው አሉ። ሊቀመንበሩ እኅት እንደሌላቸው ያውቃል፤ ግን ሰባት ሐዘንተኛ በሩ ላይ ቆሞ ማን ይጠይቃል? ፈረመ። አባይነህ ክሊኒክ ተወሰደ። እኛም ተላጨን፤ ልብሳችን በበርሜል ሲቀቀል የሽንኩርት ጆንያ ለብሰን ዋልን። አባይነህ ድኖ ሲመለስ ወይዘሮ አስካለ ንፍሮ ቀቅለው ጠበቁት፤ የራሱን ለቅሶ ንፍሮ ሁለት ሳህን በላ።

የሞተው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በሌላ በሽታ ነው። የእነ ወይዘሮ አስካለ እድር ድንኳን ተከለለት። ሙሾውን ስጀምር ተሳስቼ «አንድ ኩንታል» አልኩ።

ወይዘሮ አስካለ ከኋላዬ ጠጋ ብለው፣ «ሁለት በል እንጂ፣ ልጄ። ይቀየምሃል» አሉኝ።