ከጠዳ የመጣ ድንጋይ

እንኳየሁ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ የባሏን ጋቢ ትጥፍ ነበር። ቀና ስትል ታላቅ ወንድሟ ፋንታሁን ትልቅ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ከአጥሩ በር ቆሟል።

ጣሊያን በወጣ ማግስት የቄስ ልጅ ባገባች ጊዜ፣ «እሱ አርሶ እንጀራ አያበላሽም» ብሎ ከሠርጓ ቀርቶባት ነበር። ከዚያ ወዲህ ተነጋግረው አያውቁም።

«ይቅር በይኝ፣ እህቴ» አለ።

ይቅር ካላለችው ድንጋዩን እንደተሸከመ ሊመለስ ነው፤ ወጉ እንዲያ ነው። እሷም ለዚህ ቀን ያስቀመጠችው መራራ ቃል ነበራት። ዓይኗ ግን ከድንጋዩ ላይ ቀረ። ጥቁር አፈሩ ገና አልረገፈም።

«አያ፣ ይህን ከወዴት አመጣኸው?»

«ከጠዳ፣ ከማሳዬ።»

«ምነው፣ ጎንደር ድንጋይ ጠፋ?»

«ከሰው አጥር ነቅዬ ሌላ ጠብ ልግዛ? በማኪና ነው የመጣሁት። ሾፌሩ ከኋላ ጫነው ቢለኝ፣ ይቅርታው እንዳይቀልብኝ ብዬ እስከ አራዳ ታቅፌው መጣሁ።»

መራራው ቃል ሳይወጣ ሳቅ ቀደመው። እየሳቀች ተነሥታ ድንጋዩን ከጫንቃው አወረደችለት።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አለችው። «በል ግባ። ሠርጌን ሳትበላ የቀረህ ሰው፣ እስካሁን ሳይርብህ አይቀርም።»

«እርቦኛል እንጂ» አለ፣ ወገቡን ይዞ እየሳቀ።

መደቡ ላይ አስቀመጠችው። ውሃ አሙቃ እግሩን በገበቴ አጠበችለት፤ በጣቶቹ መካከል የገባውን አቧራ ሳይቀር አስለቀቀች። ካደረቀችለት በኋላ ውሃውን ከጓሮ ደፋችና ገበቴውን ከግድግዳው አስጠግታ አቆመችው።