ትንፋሽ ቆራጩ

እውነቱን ልናገር፣ ኮርቼ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ የዕብራይስጥ ፖድካስት ሳጸዳ የከረምኩበትን ማስተሪንግ፣ የመጨረሻውን የድምፅ ማጥራት ሥራ፣ በአንድ ቁልፍ እንዲሠራ አድርጌ አሰናዳሁት። መጀመሪያ የአየር ማቀዝቀዣው ጩኸት ይወገዳል፤ ቀጥሎ ትንፋሽ ቆራጩ በቃላት መሃል የሚሰማውን እስትንፋስ ያጠፋል፤ ከዚያ ድምፁን የሚያመጣጥኑት ኢኳላይዘርና ኮምፕረሰር፣ በመጨረሻ ድምፁ ከልክ እንዳያልፍ ሊሚተር። አዲሱ ፋይል በአሮጌው ላይ እንዲጻፍም አዘዝኩ። ቅጂ የሚያስቀምጥ ሰው በሥራው የማይተማመን ነው እል ነበር፣ እኔ ቂሉ።

እናቴ ይሻሽ፣ ሆስፒታል ውስጥ በስልኳ የቀዳችውን የአባቴን ድምፅ ለአዝካራው፣ ለሙት ዓመቱ፣ እንዳሰማምርላት ጠየቀችኝ። ሳልሰማው ማሽኑ ውስጥ አስገባሁት። ፈርቼ ነው። በእህቴ በኢላኒት ሠርግ ላይ አባቴን በሰው ፊት "አንተ ዝም በል" ብዬው ተጣላን፤ ከዚያ ስምንት ወር ደጁን ሳልረግጥ ሞተ።

ሥራው ሲያልቅ ግን መስማት ግድ ሆነ። አባቴ ስለ ጎረቤቶቹ ጠየቀ፣ ውሃ ለመነ። ከዚያ የእናቴ ድምፅ መጣ፤ ስለ እኔ ትጠይቀዋለች።

"ጀምበሬ፣ ታደገን ይቅር ብለኸዋል?"

ከዚያ ወዲያ ዝም። ቅጂው እዚያው ላይ አለቀ።

ይቅር ሳይለኝ ነው የሞተው አልኩ። ወዲያው ዓይኔ ትንፋሽ ቆራጩ ላይ አረፈና ክው አልኩ። የእኛ ሰው አዎ ሲል ብዙ ጊዜ ቃል አያወጣም፤ አየር ወደ ውስጥ ሳብ ያደርጋል፣ በቃ። ማሽኑ ይህን ከየት ያውቃል? ያስተማርኩት በዕብራይስጥ ተናጋሪዎች ነው። አባቴ መልሶልኝ እኔ አጥፍቼው ይሆን? ወይስ እውነትም ዝም ብሎ ነበር?

ዋናውን ፋይል ፈለግሁ፣ የለም። የእናቴን አሮጌ ስልክ ባለፈው ሳምንት ታሃና መርካዚት፣ ማዕከላዊው አውቶቡስ ጣቢያ፣ አጠገብ ባለ ሱቅ በአዲስ ቀይሬላታለሁ፣ ውስጡ ያለው ሁሉ ተጠርጓል። እሷ ደግሞ ልትሰማው መጥታ ደረጃውን እየወጣች ነው። ማይክሮፎኑን አንስቼ የራሴን ትንፋሽ ልሰካበት ቃጣኝ። አልቻልኩም፤ ራሴን በራሴ ይቅር ማለት ሆነብኝ።

ገብታ ተቀመጠች፣ አሰማኋት። ጥያቄዋ ላይ ሲደርስ ትንሽ ጎንበስ አለች፤ ዝምታው ሲመጣ ቀና ብላ አየችኝ።

"ስሊሓ፣ ይቅርታ እማ። መልሱን አጥፍቼዋለሁ። ምን ነበር ያለው?" አልኳት።

ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ አጭር ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳበች።

"እንዲህ አለ።"

ደግመሽ በይልኝ አልኳት። ደገመችው። ልቤ ግን አላረፈም። ኢላኒት ነግራኛለች፤ አባቴ በታመመበት ጊዜ ሁሉ እናቴ "ታደገ ደውሎ ነበር" ስትለው ነበር የከረመችው። እኔ አንድም ቀን አልደወልኩም።