የላምዱዋን ሞተር ለምን ደከመ

ላምዱዋን በሜ ክሎንግ ወንዝ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ሰው አሻግራለች። ረጅሟን ቀጭን ጀልባዋን የሚገፋት ከአሮጌ መኪና የወጣ የቤንዚን ሞተር ነው። አምና በቤተ መቅደሱ በዓል እሽቅድምድም ላይ የባሏ ወንድም ፕራሶት ቀድሟት ውሃ ሲረጫት ግን ነገሩ ከነከናት።

ዘንድሮ ሞተሩ ጉልበት እንዲጨምር ስትጠይቃቸው፣ መካኒኩ አዛውንት ቻሎም ቴስታታውን፣ ማለትም የሞተሩን የላይኛ ክዳን፣ ፈትተው የታችኛውን ፊቱን በስሱ አስላጉት።

"አሁን ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ የሚቀረው ቦታ ጠባብ ነው" አሏት። "አየርና ቤንዚኑ ድሮ ዘጠኝ እጥፍ ይታመቅ ነበር፤ አሁን ወደ አስራ አንድ ይጠጋል። ጠብቆ የታመቀ ነገር ሲነድ አገፋፉ ሌላ ነው!"

በማግስቱ ጀልባዋ ተወርውራ ወጣች። ላምዱዋን ደስ ብሏት ቤንዚኑን እስከ መጨረሻው ስትለቅለት ግን ቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር የሚናጥ የሚመስል ድምፅ መጣ፤ ጉልበቱም ከድሮው አነሰ።

"አጎቴ፣ ምን አደረጉብኝ?"

"ጉልበት ነው የጨመርኩልሽ!"

"ታዲያ የት ገባ? ወንዙ ጠጣው?"

ቤንዚኑን የሚለኩሰውን ካንዴላ ቀየሩ፤ ካርቡራተር አጠቡ። ያው ነው። ሁለቱም ሞተሩ ላይ አፍጥጠው ዋሉ።

በአራተኛው ቀን ሁልጊዜ የምትቀዳባት የወንዝ ዳሯ ቤንዚን ሻጭ ስላልከፈተች ላምዱዋን ከዋናው መንገድ ማደያ ምርጡን ቤንዚን ቀዳች። ሞተሩ ድምፁ ጠርቶ በረረ። በአምስተኛው ቀን ከወንዝ ዳሩ ቀዳች፤ ጠጠሩ ተመለሰ።

"ቀን ይመርጣል እንዴ ይሄ ሞተር?" አለች ግራ ገብቷት።

"ትናንት ከየት ቀዳሽ?"

ስትነግራቸው ግንባራቸውን መቱ። "የወንዝ ዳሩ ቤንዚን ያን ያህል መታመቅ አይችልም። የካንዴላው እሳት ሳይደርሰው፣ ተራውን ሳይጠብቅ ይፈነዳል። ፒስተኑን መግፋቱን ትቶ ይቀጠቅጠዋል። አርባ ዓመት መካኒክ ሆኜ ይህን አለመጠየቄ!"

"ስለዚህ መታመቁ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?"

"የሚችለው ቤንዚን ካገኘ ጥሩ ነው።"

"ካላገኘስ?"

"መጥፎ ነው።"

"አንዱን ይበሉኛ፣ አጎቴ!"

በበዓሉ ቀን የማደያውን ቤንዚን ሞልታ ሁለተኛ ወጣች። ፕራሶት አራተኛ ሆኖ፣ ውሃ እየተንጠባጠበበት መጣ።

"ምን አድርገሽ ነው?"

"አስላግነው ጠበበ፤ ሲጠብ ይታመቃል፤ ሲታመቅ ይበረታል... አይ፣ ይደክማል... ቆይ።" ጭንቅላቷን አከከች። "አጎቴ ቻሎምን ጠይቃቸው።"

"ጠየቅኳቸው እኮ። ወደ አንቺ ላኩኝ።"