እሬት የተቀባ አንገት

ፈትሂያ አራት ዓመት ሞልቷት እንኳ ከእናቷ ከሰዒዳ ጉያ አልወጣችም ነበር። ሰዒዳ ሽንት ቤት ስትገባ በሩን ትደበድባለች፤ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ሥራ ስትገባ ደግሞ በለቅሶዋ የጎረቤቱን ጆሮ ታደነቁራለች። የሚያስተኛት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አፏን እናቷ አንገት ላይ መለጠፍ።

ሰዒዳ ግን ለሰው ቤት ሥራ ሪያድ ልትሄድ ነው። ቀጣሪ ተገኝቶላታል፤ የቀራት አዲስ አበባ ሄዳ መመርመርና መብረር ነው። ፋብሪካውን ለቃ፣ ልጇን ይዛ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር፣ ታላቅ እህቷ ሐዋ ዘንድ ወጣች። ሐዋ አስቀድማ ነግራታለች፤ ሙጭጭ የምትል ልጅ አትረከብም።

"ጡት ስታስጥያት ምን አደረግሽ?" አለች ሐዋ። ወልዳ አታውቅም፤ ስለ ልጅ የማታውቀው ነገር ግን የለም።

"እሬት ቀባሁ።"

"እናትም የምትጣለው እንደዚያው ነው።"

ሰዒዳ አንገቷን እሬት ተቀባች። ፈትሂያ ቀመሰችው፤ ተንገፈገፈች፤ አለቀሰች፤ አፏን በእጅጌዋ ጠርጋ ተመልሳ ተለጠፈች። ከዚህች ልጅ ጋር ምን ይሻላል?

"በይ ምቻት" አለች ሐዋ። "አንቺ ትመቻለሽ፣ እኔ አባብላታለሁ። ወላሂ ሳምንት ሳይሞላ ትጠላሻለች።"

ሰዒዳ መታች። ስትጠጋት ቆነጠጠቻት፤ ልትስማት ስትንጠራራ ገፈተረቻት። ጓሮ ገብታ ታለቅስና ፊቷን ታጥባ ተመልሳ ትመታለች። ሐዋ ደግሞ ከረሜላ ይዛ እቅፏን ከፍታ ትጠብቃለች። የሚሠሩት ግፍ እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ፤ ለልጅቱ ሲባል ነው ተባለና ታለፈ።

ተሳካ። ፈትሂያ ብቻዋን በላች፣ ብቻዋን ተኛች፣ ሱቅ ተልካ መጣች። "ማሻአላህ፣ ራሷን ቻለች" አለ ሰፈሩ። እናቷ ሻንጣዋን ይዛ ስትወጣ ቀና ብላም አላየቻት። ሰዒዳ እስከ መናኸሪያ ድረስ ምነው ትንሽ ባለቀሰች እያለች ሄደች።

አዲስ አበባ ላይ ምርመራው ጣላት። ሳንባሽ ላይ ጠባሳ አለ ተባለች፤ ጉዞው ቀረ። አፍራለች፤ ግን ከማፈሯ ደስታዋ ይበልጥ ነበር። ሆጤ ስትደርስ እጇን ዘርግታ እየሮጠች ገባች።

"በቃ የኔ እናት፣ የትም አልሄድም።"

ፈትሂያ ወደ ኋላ አፈገፈገች፤ ክንዷን ፊቷ ላይ ጋረደች።

"ለምዳለች እኮ፣ አታደናግሪያት" አለች ሐዋ፣ እህቷን ሳታያት።

ሰዒዳ ደጃፉ ላይ ዘጭ አለች። ልጅቱ ማንም ሳያዛት ጓዳ ገባች፤ በሁለት እጇ ጣሳ ውሃ ይዛ ወጣችና ራቅ ብላ ቆማ ዘረጋችላት።

"ጠጪና ሂጂ" አለቻት።