የሊበን የመጀመሪያ ቃል

ልጄ ሊበን ዓመት ከአንድ ወር ሞልቶት አፉን አልፈታም ነበር። ሲያለቅስ ግን ሰፈራችን ለገሀሬ ሙሉ ይሰማዋል። ጎረቤታችን እትዬ በለጠች «ቋንቋ በዝቶበት ነው፤ የቱን እንደሚመርጥ ጨንቆት ነው» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። እኔ በአማርኛ አባብለዋለሁ፣ አያቱ በሶማሊኛ ታስተኛዋለች፣ ከአጥሩ ወዲያ ኦሮምኛ ይሰማል፣ አባቱ ደግሞ ሦስቱንም ቀላቅሎ ያወራና መጨረሻው ላይ «አቦ» ብሎ ይዘጋዋል።

እኔ ራሕማ እባላለሁ፤ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ሸሚዝ እሰፋለሁ። በትክክል ለመናገር የሸሚዝ ግራ እጅጌ እሰፋለሁ፤ ቀኙ የሌላ ሰው ነው። ፈረቃዬ የከሰዓት ነው፤ ሰባት ተኩል ላይ ሰርቪሱ ይወስደኛል፣ ማታ ይመልሰኛል። ባለቤቴ መሃድ ከንጋት እስከ ስድስት ሰዓት ባጃጅ ይነዳል። ከዚያ በኋላ የድሬ ፀሐይ ለባጃጅም ለሰውም አትመችም ይልና ምሳውን በልቶ፣ ሽርጡን አገልድሞ፣ ጫቱን በብብቱ ሸጉጦ ወደ በርጫው ይሄዳል። ቤት የምትቀረው እናቱ ኹርሲ ነች። እኔም እንደ እሱ «ሆዮ» እላታለሁ፤ እናቴ እንደማለት ነው።

ሆዮ ከጀልዴሳ የመጣችው አራስ ልትጠይቅ ነበር። ለአርባ ቀን ብላ መጥታ ዓመት አለፋት። ፍየሎቿን ለሰው አደራ ብላ ነው የመጣችው። ከእኔ ይልቅ እነሱን እንደምትወድ አውቃለሁ፣ አልቀየማትም፤ ፍየል ሰርቪስ አመለጠኝ ብሎ ልጅ ጥሎባት አይሮጥም። ሰኞ ዕለት ምሳ ላይ ቁርጡን ነገረችን።

«ሀዬ፣ በቃኝ» አለች። «ቅዳሜ የጀልዴሳ መኪና እሳፈራለሁ። ልጁንም ይዤው እሄዳለሁ። እዚያ ወተት አለ፣ ነፋስ አለ። አንቺም ለሸሚዝሽ፣ እሱም ለጫቱ ይመቻችኋል።»

ልጄን በበዓል በበዓል ብቻ ላየው ነው? ወይስ ሥራውን ልተወው? ያንን ሥራ ያገኘሁት ሦስት ጊዜ ተመዝግቤ ነው። ከእጅጌ ወደ ኮሌታ ልታድጊ ነው ተብያለሁ። ለሰው ሲነገር ያስቅ ይሆናል፤ እኔ ግን የሰማሁ ቀን በደስታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልጄንም ኮሌታዬንም እፈልጋለሁ፤ አንዱን ምረጪ ሲሉኝ ደሜ ይፈላል።

መሃድ ጉሮሮውን ጠርጎ «በሰላም እንወያይ» አለና ተወያየን። ሞግዚት እንቅጠር ተባለ፤ ባለ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ የት ትተኛ? ራሕማ ሥራ ትልቀቅ ተባለ። ልጁ ጀልዴሳ ይሂድ ተባለ። ፍየሎቹ ለገሀሬ ይምጡ የሚለው ሐሳብ እንኳን ሩብ ሰዓት ያህል ውይይት ተደርጎበታል። ከስድስት ሰዓት በኋላ ሥራ የሌለው አንድ ጤነኛ ሰው አጠገባችን ተቀምጦ ጥርሱን በስንጥር ይጎረጉር ነበር፤ እሱን ግን ማንም አላየውም። እኔም ጭምር።

በመጨረሻ ሆዮ ፍርድ ሰጠች። «ልጅ አፉን ሲፈታ መጀመሪያ የሚጠራው ያሳደገውን ነው» አለች። «እስከ ቅዳሜ እማ ካለ እስከ ረመዳን እቀመጥልሻለሁ፤ ፍየሎቼን አላህ ይጠብቅ። አየዮ ካለ ግን የጠራው አያቱን ነው፣ ይዤው እሄዳለሁ። ዝም ካለም ይዤው እሄዳለሁ።»

ምን አማራጭ አለኝ፣ እሺ አልኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን የምርጫ ሰሞን መሰለ። እኔ ጠዋት ጠዋት ልብስ ሳጥብ «እማ በል»፣ ሽንኩርት ስከትፍ «እማ በል»፣ ጡት ስሰጠው ሳይቀር «እማ»። ሆዮ ደግሞ ከሰዓቱ በሙሉ የእሷ ነው። ወተት በማንኪያ አፉ ድረስ ታመጣና «አየዮ በል» ብላ ትጠብቃለች። ሊበን አፉን ለወተቱ ይከፍታል፣ ይውጣል፣ ይዘጋል። የአየር ሰዓት ክፍፍሉ ፍትሐዊ አልነበረም፤ አቤት የምልበት ግን አልነበረኝም።

ረቡዕ ምሳ ሰዓት ላይ ሆዮ ማንኪያውን ለአራተኛ ጊዜ ስታስጠጋው ሊበን በእጁ መታውና ጥርት አድርጎ «አቦ!» አለ።

መሃድ ብድግ ብሎ ጨፈረ። «ጠራኝ! አባቱን ጠራ! ያውም በሶማሊኛ!»

አቦ በሶማሊኛ አባት ማለት ነው። ድሬ ውስጥ ደግሞ ሰው ሲደሰትም፣ ሲሰለቸውም፣ ሲናደድም አቦ ይላል።

ሆዮ ልጇን ቀና ብላ አየችው። «ሀዬ። እንግዲያው የምትይዘው አንተ ነህ ማለት ነው።»

መሃድ ጭፈራውን አቆመ። አሰበበት። «እንዴ፣ አይ» አለ ቀስ ብሎ እየተቀመጠ፤ «አሁን ሳስበው እኔን አልጠራም። አቦ ተዉኝ ለማለት ነው። ሰልችቶታል እኮ ልጁ!»

ሰው የልጁን የመጀመሪያ ቃል ሲክድ ያየሁት ያን ቀን ነው። ባለቤቱ ስለካደው ቃሉ አልተቆጠረም።

ቅዳሜ ሰባት ሰዓት ደረሰ። ሆዮ ጓዟን ሸክፋ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። የሊበንንም ልብስ በአንዲት ፌስታል ቋጥራዋለች። እትዬ በለጠችም ሊሰናበቷት መጥተዋል። እኔ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ «እማ በል የኔ አባት፣ አንዴ ብቻ» እያልኩ ለመንኩት።

ሊበን አየኝ። ከዚያ ዞር ብሎ የአባቱን ነጠላ ጫማ አነሳና በብብቱ ሸጎጠው። እየተንገዳገደ ወደ በሩ ሄደ። ደፉ ላይ ሲደርስ ወደ እኛ በቅጡ ሳይዞር እጁን አነሳና «መታሁ!» አለ።

«ማንን መታ?» አሉ እትዬ በለጠች።

ማንንም አልመታም። «ጣ» አልወጣለት ብሎ ነው። መጣሁ ነው ያለው።

እኛ ቤት መጣሁ የሚባለው ሲኬድ ነው። ሰርቪሱ ጡሩምባ ሲነፋ እኔ «መጣሁ የኔ ጌታ» ብዬው እወጣለሁ፤ ስመለስ ተኝቷል። መሃድ «መጣሁ» ብሎት ይወጣል፤ የሚመጣው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። ሆዮም ጎረቤት ወሬ ሲኖር «መጣሁ» ትለዋለች። ልጄ እማንም፣ አየዮንም፣ አቦንም ትቶ የያዘው፣ ትተነው ስንሄድ ሁላችንም የምንጥልለትን ቃል ነው። አፈርኩ። ፊቴን የማደርግበት ጠፋኝ።

«ይሄ አማርኛ ነው» አለ መሃድ፤ «ስለዚህ እናቱን ነው የጠራው።»

«ዋላሂ ማንንም አልጠራም» አለች ሆዮ። «ሁላችንንም ተሰናበተን እንጂ።»

ውጭ ሰርቪሱ ጡሩምባውን ነፋ። መሃድ ስልኩን አየ፤ የበርጫ ጓደኞቹ እየጠበቁት ነው። ጫቱን አነሳና «አቦ፣ እንግዲህ እናንተ ተነጋገሩበት። እኔ መጣሁ» አለ።

ይህን ቃል ዓመት ሙሉ ሰምቼዋለሁ። ምን እንደሚል ግን የሰማሁት ገና ያን ጊዜ ነው።

«መጣህ?» አልኩት።

«አዎ፣ መጣሁ።»

«እንኳን ደህና መጣህ!» አልኩና ሊበንን ከደፉ ላይ አንስቼ አስታቀፍኩት። ጫቱ መሬት ወደቀ።

«ራሕማ፣ ተይ ቀልዱን፤ ሰው ይጠብቀኛል!»

«እኔንም ይጠብቀኛል። ሸሚዝ በአንድ እጅጌ አይለበስም።»

መሃድ ተስፋውን ወደ እናቱ አዞረ። ሆዮ ፌስታሉን አየች፣ ልጇን አየች፣ ከዚያ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። «ወሪያ መሃድ፣ መጣሁ አላልክም? ተቀመጥ እንግዲህ» አለችና የሊበንን ልብስ ከጓዟ ላይ አንስታ እግሩ ሥር አስቀመጠችው።

«የገዛ ልጅህ ነው፣ አይነክስህም» አሉ እትዬ በለጠች።

ሊበንን ልስመው ጎንበስ ስል ቃሏ ምላሴ ላይ መጥታ ነበር፤ ዋጥኳት። «ሄድኩ» አልኩት። «እየሄድኩ ነው የኔ ጌታ። ማታ እመለሳለሁ።»

አለቀሰ። መጣሁ ስለው አንድም ቀን አልቅሶ አያውቅም ነበር። እኔም ሰርቪሱ ውስጥ አለቀስኩ፤ ያን ቀን ሦስት እጅጌ አበላሽቼ ተቆጡኝ።

ማታ ስመለስ ሆዮ ወደ ፍየሎቿ ሄዳለች፤ ምንጣፋችን በጫት ገራባ ተሸፍኗል። በርጫው ወደ ቤታችን ተዛውሮ ውሏል ማለት ነው። መሃድ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ሊበን ሱሪውን የፊቱን ወደ ኋላ ለብሶ ደረቱ ላይ ተኝቷል።

«ልጅሽን ጠበቅኩልሽ» አለኝ በሹክሹክታ፣ ሽልማት እንደሚጠብቅ ተማሪ።

«ልጅሽን» ያለውንም «ልሽ» ያላትንም ሰማኋቸው። ለሌላ ቅዳሜ ይደሩ ብዬ ተውኳቸው፤ ለዛሬ አንድ ቃል ይበቃናል።

ሊበን ድምፃችንን ሰምቶ አንድ ዓይኑን ገለጠ።

«መጣሁ» አልኩት። ከወለድኩት ወዲህ ይህን ቃል ወደ ቤት እየገባሁ ስለው የመጀመሪያዬ ነበር።